ነሐሴ 20፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ልናገር አስቤ ነበር፤ ማስታወሻው እዚሁ ፊቴ ተቀምጧል። ግን አልሆነልኝም። ያ ልጅ ከመኪናዬ ከወረደ ቆየ፣ እኔ ግን ሐሳቤ እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አየር ማረፊያ በር ላይ ቀርቷል። ባለቤቴ «እኔ ሰልችቶኛል፣ ለአድማጮችህ ንገራቸው» አለችኝ። ይኸው መጣሁ።

የወጥ ቤታችንን የቀን መቁጠሪያ መቼም ታውቁታላችሁ። እርሷ ጾምና በዓል ትከታተልበታለች፣ እኔ ደግሞ ጠርዙ ላይ የእንቁላሏን ኳስ፣ የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ፣ ቀኖች በእርሳስ እጽፍበታለሁ። በእጅ እየያዟት ለምን እግር ኳስ ይሏታል ብላችሁ ዛሬም እንዳትጽፉልኝ፤ ለሰባተኛ ጊዜ አልመልስም። ሰው ሁሉ ነገር በሱፐር ቦውል፣ በዋንጫው ጨዋታ፣ የሚያበቃ ይመስለዋል። የካቲት 2 ቀን ኢግልስ ቺፍስን 40 ለ22 ረቱ፣ አበቃ፣ እስከ መጪው ውድድር ደህና ሁኑ። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመ። ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ሰኞ ነው፤ በዚያው ሳምንት ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከኮሌጅ የሚመጡትን ልጆች መመዘን ተጀመረ። ኮምባይን ይሉታል። ቁመት፣ ክብደት፣ የ40 ያርድ ሩጫ። ስንዝር ሳይቀር ይለካሉ! ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ። በ2020 እ.ኤ.አ. የኳስ ወርዋሪው የጆ በሮው ስንዝር 9 ኢንች ብቻ ሆኖ ተገኘና ስንት ተወራ፤ በሚያዝያ ግን ቡድኖቹ በየተራ ሲመርጡ፣ ድራፍት ይሉታል፣ ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠው እርሱ ነበር። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር የበዓል ገበያ ትዝ ይለኛል፤ ሻኛውን የሚደባብሰው ሰውዬ፣ ጥርሱን ገልጦ የሚያየው... ተዉት። ወደ በሬ ከገባሁ አልመለስም።

መጋቢት 3 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ወደፈለጉት ቡድን እንዲሄዱ ተፈቀደ። ድራፍቱ ግሪን ቤይ ላይ ሚያዝያ 16 ተጀመረ፤ ፋሲካ በአራት ቀን አልፎ ነበር፣ ዶሮዬን ከፊቴ አድርጌ ነው ያየሁት። 257 ልጆች ተመረጡ። እነዚህን ቀኖች ሁሉም ሰው ይወዳቸዋል። የሚለቀስም ቢሆን በደስታ ነው፤ እናት፣ አያት፣ አዲስ ኮፍያ።

ነሐሴ 20 ላይ ግን አንዲት ቁጥር ብቻ ነው የጻፍሁት፦ 53።

እያንዳንዱ ቡድን ክረምቱን 90 ሰው ይዞ ይለማመዳል። በዚያች ቀን፣ በእኛ 10 ሰዓት፣ 53 ብቻ መቅረት አለበት። ሠላሳ ሰባት ሲባረር በ32 ቡድን... 1,184 ይመጣል። ባለፈው ተሳስተሃል ስላላችሁኝ ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ። ተጫዋቾቹ መርዶ ነጋሪውን «ቱርኩ» ይሉታል። በር ያንኳኳና «አሰልጣኙ ይፈልጉሃል፣ የጨዋታ መጽሐፍህንም ይዘህ ና» ይላል። መጽሐፉን አምጣ ከተባልህ አበቃ።

ልጁን ያነሣሁት በዚያው ቀን ሰባት ተኩል ገደማ ከአንድ ሆቴል በር ላይ ነው። አንገቱ የእኔን ጭን ያህላል። ሻንጣውን ከኋላ ጫንሁለት፤ ሌላ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ነበር፣ እርሱን ግን አልሰጠኝም። ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከከረጢቱ አፍ የአንድ ጫማ ማሰሪያ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ማሰሪያው ላይ የደረቀ ሣር ተጣብቋል። መስታወት ውስጥ የማየው ያንን ሣር ነበር። ፊቱን አላየሁትም ማለት ይቻላል።

«ኳስ ትከታተላለህ?» አለኝ።

«እኔ? አይ። የእኛ ኳስ በእግር የሚመታው ነው» አልሁት።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ትከሻው ግን ወረድ ሲል አየሁ፤ ሸክም ያወረደ ሰው ይመስል ነበር። ወይም ደክሞት ነው።

ትንሽ ሄደን ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት። «እማ፣ እስካሁን ምንም አላሉኝም» አላት። አየር ማረፊያው ሊታየን አንድ መታጠፊያ ቀርቶናል! ከረጢቱን እንዳቀፈ «እየጠበቅሁ ነው» አላት። እኔም እናቴ ደሴ ሆና ስትደውልልኝ፣ ያኔ ሥራ የለቀቅሁ ጊዜ... አይ፣ ያ ሌላ ነው።

ምላሴ ላይ የብሮክ ፐርዲ ታሪክ መጥቶ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ከ262 የመጨረሻው ተመራጭ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የ265 ሚሊዮን ዶላር ውል። የተባረረን ሁሉ የሚያጽናኑት በእርሱ ነው። ነገር ግን ኳስ አላውቅም ብያለሁ፣ አፌን ዘጋሁ። ውሸቴ ከስብከቴ አዳነው፤ እስከዚያ ድረስ በራሴ ተደስቼ ነበር እንዲያውም።

ከዚያ ደረስን። ሻንጣውን አወረድሁለት፣ አመሰገነኝ፣ እኔም ሳላስበው «መልካም የውድድር ዘመን ይሁንልህ» አልሁት።

ቆመ። ከረጢቱን በሁለት እጁ ይዞ አየኝ። ኳስ የማያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እርሱ ያየኛል።

«ለአንተም» አለኝና ገባ።

ለእኔም ምን? ፌዝ ከሆነ ይገባኛል። ግን ፌዝ አይመስልም ነበር፤ ድምፁ ውስጥ... ባለቤቴ «ደንግጦ ነው፣ አፉ ላይ የመጣውን ነው የተናገረው» ትላለች። ሊሆን ይችላል። ሲመሽ ደግሞ ሌላ ትላለች።

በማግስቱ እያንዳንዱ ቡድን ለልምምድ ብቻ 16 ሰው ያስፈርማል፤ ብዙዎቹ ትናንት የተሰናበቱት ናቸው። ስለዚህ ተመልሶ ይሆናል። ስሙን ረስቼዋለሁ፣ የፈረሙትን ልጆች ፎቶ አንድ በአንድ አየሁ፤ ሦስት ፊት ላይ ቆምሁ። ሦስቱም እርሱን ይመስላሉ። ፊቱን አላየሁትም አልኋችሁ እኮ፣ ሣሩን ነው ያየሁት።

ለእንቁጣጣሽ አሮጌውን የቀን መቁጠሪያ ስታወርድ ባለቤቴ «ይህ 53 ምንድን ነው፣ ያልከፈልኸው ዕዳ አለ እንዴ?» አለችኝ። ስቄ ላልፍ ነበር። ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አልጣለችውም፣ እኔም...

ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው።