ገበያ ላይ ያነሳኋቸው እናት ጉዳይ

ከደብረ ማርቆስ የደወለ ወጣት፦ «ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጡ እናት ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩ። ልጃቸው ደውሎ አውርድ አለኝ። ገበያ የሕዝብ ቦታ አይደል እንዴ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አውርደው፤ ከዚያ እናወራለን። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ያኔ ቲክቶክ በሕልምም አልነበረም፤ ግን ስንቱ የሚያየው ገጽ ላይ መለጠፍ ያው ማሳየት ነው ባይ ነኝ። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ታዋቂ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለትምህርት፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረገ ነገር ሲሆን። በዚህች በመጨረሻዋ ልትከራከር ትችል ይሆናል። ግን የላክልንን ቪዲዮ አየሁት። እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ቅሉ ሲያዞሩ አንተ ዞረህ በፊት ለፊት መጣህባቸው። እምቢታቸውን ከዚህ በላይ እንዴት ይንገሩህ? ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው። ሌላ ጊዜ «እማማ፣ ላንሳዎት?» በል፤ የት እንደምትለጥፈውም ንገራቸው፣ ምክንያቱም ፎቶ መነሳትን የፈቀደ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ መውጣትን ፈቀደ ማለት አይደለም።

ከእንጅባራ የደወሉ አባት፦ «ጥር 23 በፈረሰኞች በዓል ላይ የተነሳሁት ፎቶ የአንድ ሆቴል ማስታወቂያ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።»

አባቴ፣ በዓሉ ሲዘገብ ከነፈረስዎ ቢታዩ ሕጉ አይከለክልም። ማስታወቂያ ግን ንግድ ነው፤ በምስልዎ አልጋ ለማከራየት ፈቃድዎ ያስፈልግ ነበር። አንቀጽ 29 እንዲነሳ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል፤ ፍርድ ቤቱም ሆቴሉ በምስልዎ ያገኘውን ጥቅም ያህል ካሳ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ዛሬውኑ ሰሌዳውን ፎቶ ያንሱና ቀኑን ይመዝግቡ፣ ከዚያ በጽሑፍ «አንሱልኝ» ይበሏቸው። ተጠይቀው ቶሎ ካላነሱ ጉዳዩ ይከብድባቸዋል።

ከጢስ ዓባይ የደወለ አስጎብኚ፦ «ቱሪስቶች ለልጆች ብር ሰጥተው ያነሷቸዋል። እኔን ያስጠይቀኛል?»

እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። ለልጅ የሚፈቅደው ወላጁ ወይም አሳዳጊው ነው፤ ብሩን ተቀበለ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ደግሞ ብር የለመደ ልጅ በትምህርት ሰዓት መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ አንተም ሳታይ አትቀርም። ካሜራ ከማውጣታቸው በፊት ንገራቸው። ቤቱ ቅርብ ከሆነ እናቱን ጥራ።