ብሩን የሚያወጣ፣ ብሩንም የሚይዝ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ቢገባባችሁ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ብር ነው። የአንገት መስቀል የሚሠራበት ብር። የእኛ አንጥረኞች ማርያ ቴሬዛውን ጠገራ እያቀለጡ ጌጥ ሲሠሩበት ኖረዋል። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 23 ግራም የሚሆነው ብር ነው። አንጥረኛው በእሳትና በመዶሻ ይሠራዋል። ኬሚስቱ ግን ሌላ መንገድ አለው።

ንጹህ ብር ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ሟሙቶ ከዓይን ይጠፋል። ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው። ብሩ ግን እዚያው አለ፤ እያንዳንዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ አዮን ሆኗል። ያችን ኤሌክትሮን መልሱለት፣ እንደገና ብር ይሆናል።

መመለሱ ያን ያህል አይከብድም። የመዳብ ሽቦ እንኳ ብትነክሩበት ብሩ ሽቦው ላይ ያድጋል። ጭንቁ ያለው ብሩን ደቃቅ ቅንጣት አድርጎ ማቆየቱ ላይ ነው። እርጎ ሲናጥ ቅቤው እንደሚሰበሰበው፣ ቅንጣቶቹም ተጠጋግተው ትልልቅ ይሆኑና ይዘቅጣሉ። ስለዚህ ኤሌክትሮን ሰጪም፣ ለያይቶ ያዥም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ኬሚካሎች ናቸው።

እኔን ያስደነቀኝ ሁለቱንም ሥራ አንድ ፖሊመር፣ ማለትም አንድ ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት፣ መሥራቱ ነው። ስሙ ረዘም ይላል፦ ፖሊሜቲልሃይድሮሲሎክሴን። የሲሊኮን ዘይት ዘመድ ነው። ሰንሰለቱ ላይ ሲሊከንና ኦክስጅን ይፈራረቃሉ፤ ሲሊከኑ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን አለ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ሃይድሮጅን ላይ ነው። ኤሌክትሮኑን ከሲሊከኑ ይልቅ ወደ ራሷ ስባ ይዛለች፤ የብር አዮን ሲመጣ ትሰጠዋለች። በእሷ ቦታ ኦክስጅን ይገባል። አዲሱ ኦክስጅን አንዱን ሰንሰለት ከሌላው ያስተሳስራል፤ መረብ ይሠራል። የብሯ ቅንጣት እዚያው መረብ ውስጥ ተይዛ ትቀራለች። እንዴት ደስ ይላል!

ወርቅና ፓላዲየምም እንዲሁ ይወጣሉ። ብረት ግን እሺ አይልም፤ ኤሌክትሮን ለመቀበል እንደ ብር አይቸኩልም።

ደግሞ ቀለሙ አለ። 10 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የብር ቅንጣቶች ቢጫ ናቸው (አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው)። ወደ 400 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ወይን ጠጅ ብርሃን ይውጡታል፤ ለዓይናችን የሚተርፈው ቢጫው ነው። ወርቅ ሲደቅ ቀይ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ በ1857 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ይህን ቀይ ወርቅ አጥንቶ ቀለሙ ከቅንጣቶቹ መድቀቅ እንደሚመጣ ተናግሯል። የቅንጣቶቹ ገጽ ስፋትስ? አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ብር 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ቢከፋፈል የገጹ ስፋት 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ለዚህ ነው ጥቂት ብር ብዙ የሚሠራው።

እኔ ያሰብኩት የራጅ ፊልም ስለሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። በፊልም የሚሠራ የራጅ ክፍል ባለበት ሁሉ፣ ያገለገለው ፈሳሽ የተሟሟ ብር ይዞ ይወጣል። ወንዝ ውስጥ ከሚደፋ ለምን አናወጣውም? ቀላል አይደለም። እዚያ ውስጥ ታዮሰልፌት የሚባለው የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል ብሩን አጥብቆ ይዞታል፤ ፖሊመሩ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። መጀመሪያ ብሩን ከታዮሰልፌቱ ማላቀቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ላቦራቶሪ ያላችሁ የኬሚስትሪ መምህራን፣ ከዚህ ላይ ብንጀምር ምን ይመስላችኋል?