አስራ አንድ ሰዓት ከአስር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ በተለይም ከሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁ የመጣችሁ ወጣት ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የተጋበዝኩት በአንጎል ጤና ዙሪያ ስለሚሰጡ ዓለም አቀፍ ፌሎውሺፖች፣ ማለትም የተመረጡ ባለሙያዎች ተደግፈው ስለሚማሩባቸው ዕድሎች፣ እንድናገር ነው። ከእናቴ ልጀምር፤ ወደዚህ ጉዳይ ያስገባችኝ እሷ ናትና።

እናቴን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለማስታወስ ችሎታ ምርመራ የወሰድኳት በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነበር። አስተርጓሚው እኔው ነኝ። ሐኪሟ ታጋሽና ደግ ሴት ነበረች። «ዘንድሮ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?» ስትላት እናቴ «2008» ብላ መለሰች። በእኛ አቆጣጠር ልክ መሆኑን አስረዳሁ፤ ሐኪሟም ተቀብላ ነጥቡን ሰጠቻት። ቀጥላ ወረቀትና እርሳስ አቀረበችና ሰዓት እንድትስል፣ ቆጣሪዎቹንም አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ላይ እንድታደርግ ጠየቀቻት። እኔም ቃል በቃል «አስራ አንድ ሰዓት ከአስር አድርጊው» አልኳት።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረችው እናቴ ክቡን ሳለች፤ አስራ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸው አስቀመጠች። ከዚያ ትንሿን ቆጣሪ 5 ላይ፣ ትልቋን 2 ላይ አደረገች። ሐኪሟ ዝም ብላ ዜሮ ጻፈች። እኔም ሕመሙ ነው ብዬ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አለቀስኩ። ማታ ወጥ ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብዬ ሳይ ነው የገባኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አስራ አንድ ሰዓትን ያየችው ትንሿ ቆጣሪ 5 ላይ ስትሆን ነው። ሰዓቷ ልክ ነበር።

ታማ ነበር ወይ? አዎ፣ ታማ ነበር። ከምርመራው ሳምንታት በፊት ቡና ቆልታ፣ ጭሱን ለሁላችንም አዙራ አሽትታን፣ ባዶውን ብረት ምጣድ ይዛ ተመልሳ «ጥሬውን ቡና ማን አነሳብኝ?» ብላ ስትፈልግ አይቻታለሁ። የተቆላው ቡና ፊት ለፊቷ ነበር። ስለዚህ ነገር የጠየቃት ቅጽ የለም። ምርመራው ጤነኛ በነበረችበት በኩል ጥፋት አገኘባት፤ በታመመችበት በኩል ደግሞ ሳያያት አለፈ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። የጎደለው የእናቴን ሰዓትም የአንጎልንም ሕመም አብሮ የሚያውቅ ሰው ነው። የመጣሁት ያ ሰው ከእናንተ መካከል እንዲወጣ ልለምን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 «አትላንቲክ ፊላንትሮፒስ» የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት 177 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ በዚያም ገንዘብ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንፍራንሲስኮና በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ «ግሎባል ብሬይን ሄልዝ ኢንስቲትዩት» ተቋቋመ። የገንዘቡ ባለቤት ቸክ ፊኒ ከቀረጥ ነፃ መደብሮች ያፈሩትን ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሕይወት ሳሉ ሰጥተው የጨረሱ፣ እጃቸው ላይ ርካሽ የፕላስቲክ ሰዓት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። ተቋሙ ከየአገሩ የሚመርጣቸው «አትላንቲክ ፌሎውስ» ይባላሉ። ከእነሱ መካከል የነርቭ ሐኪም አለ፤ ጋዜጠኛ፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ፣ ሠዓሊም አለ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ብሎ ማመልከቻውን የሚተው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁና።

ትምህርቱን የጨረሱ ፌሎዎች ደግሞ በአገራቸው ለሚሞክሩት ጥናት መነሻ የሚሆን ገንዘብ ተወዳድረው ማግኘት ይችላሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኼኛው ነው። በአገር ቤት የሚሞከር ጥናት ምን ሊያመጣ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር፣ ታንዛኒያ ሀይ ወረዳ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች እርሳስ ይዘው ለማያውቁ ሽማግሌዎች ሌላ ዓይነት ምርመራ አዘጋጅተዋል። ሥዕል ገልብጡ በማለት ፋንታ የክብሪት እንጨቶችን በተሰጣቸው ቅርጽ እንዲደረድሩ ያደርጋቸዋል። ክብሪት የማያውቅ ማን አለ? እንዲህ ያለው ሐሳብ የሚመጣው ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ቁጭ ካለ ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዲሜንሺያ፣ ማለትም ማስታወስንና ማሰብን ከሚያዳክም የአንጎል ሕመም፣ ጋር የሚኖሩት ሰዎች 57 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያሉት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በየቤታችን «ጃጅተዋል» ብለን በር የምንዘጋባቸው እነዚህ ናቸው። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ለሕመሙ የሚያጋልጡ ግን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ጠቅሶ፣ እነሱ ላይ ቢሠራ ከሕመሙ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ ብቸኝነት፣ የትምህርት እጦት አሉበት። ሴት ልጅን ትምህርት ቤት ማቆየት ከ50 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሕመምም መከላከያ ነው ማለት ነው። ይህን ለገበሬው በሚገባው አማርኛ የሚነግር ጋዜጠኛ፣ የደም ግፊት መለኪያውን ይዞ ቤት ለቤት ለሚሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚያስተምር ነርስ፣ ጸበል ከሚያስጠምቀው ቤተሰብ ጋር ሳይጣላ ሕክምናውን ጎን ለጎን የሚያስጀምር ሐኪም እንፈልጋለን።

ችግሩንም አልደብቃችሁም። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቪዛ አለ፤ ልጅና ወላጅ ትቶ ለወራት መሄድ አለ። ደግሞም ሄዶ መቅረት አለ። እኔ ሄጄ የቀረሁ ነኝ። በቀረሁበት አገር ብዙ አረጋውያንን አገልግያለሁ፤ ነገር ግን እናቴ ተወልዳ ባደገችበት ወረዳ ዛሬ ቡና ቆልታ ጥሬውን የምትፈልግ ሴት ብትኖር፣ እኔ ሜሪላንድ ሆኜ አልደርስላትም። እናንተ ትደርሱላታላችሁ። ስለዚህ ማመልከቻችሁን ስትጽፉ «ምን ልማር» ከሚለው በፊት «ተመልሼ የማን ቤት እገባለሁ» የሚለውን ጻፉት፤ የወረዳውንም ስም ጥቀሱ።

ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ እዚያ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ረቂቅ የያዘ ሰው ይምጣ፤ እንግሊዝኛውን አብረን እናስተካክላለን፤ እስከ ማታ አልሄድም። እናቴ የሳለችውን ሰዓትም ቅጂ አምጥቻለሁ። ዜሮዋ አሁንም ከጎኑ አለች።

አመሰግናለሁ።