ወረዳ ታሞ ያውቃል?

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። አዎ። ጣሪያው ላይ የምትሰሙት አባ ኮዳ ነው፣ ትልቁ ወፍ፤ ያው የምታውቁት፣ ኪራይ የማይከፍለው። ዛሬ ስለ ሐይቁ ነበር ላወራ ያሰብኩት፤ ተውኩት።

እትዬን ለምርመራ ወስጃት ነበር፤ ከነፌስታሏ፣ ምን ይጠየቃል። ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ እዚሁ ሀዋሳ ነው። ካርድ ክፍል ተሰልፈናል። ከፊታችን ከብላቴ ወንዝ ማዶ የመጡ እናት አሉ። የጤና መድን ደብተራቸውን በመስኮቱ አቀበሉ፤ ውስጡ ሪፈር ወረቀት አለ፣ ማህተም ያለበት። የካርድ ክፍሉ ልጅ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ "እናቴ፣ ሪፈሩ ልክ ነው። ወረዳዎ ግን ከእኛ ጋር ውል የለውም። ወይ ከኪስዎ ይክፈሉ፣ ወይ ውል ወዳለው ይሂዱ" አላቸው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም ዝግ ብሎ ነው የነገራቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። አዩት አዩትና፣ "ወረዳ ታሞ ያውቃል?" አሉት።

ሰልፉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መልስ እየጠበቁ ነበር እኮ! እጃቸው መስኮቱ ላይ እንዳለ ቆሙ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ። ከዚያ ደብተሩን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ወጡ። "ቀጣይ!" ተባለ፤ እትዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ማታ ማታ በሐሳቤ እኔ ነኝ የምመልስላቸው። "እማማ፣ ገንዘቡ ያለው እኮ ወረዳ ነው" እላለሁ። እውነቴን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጀምሮ የገንዘቡ ቋት በአብዛኛው የወረዳ ነው፤ መዋጮው ቀበሌ ላይ ይሰበሰባል፣ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ጋር ውል ይገባበታል፣ የታካሚው ሂሳብ ከዚያ ይከፈላል። ያለ ሪፈር ዘሎ የመጣ ሙሉ ወጪው አይሸፈንለትም። ሁሉም ዘሎ ቢመጣስ? ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል፣ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000፣ እያለ እያለ እስከ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እሱ እስከ 5 ሚሊዮን። ደረጃው ያለ ነገር አልተሠራም። እትዬ እኮ ጉንፋን ሲይዛት የምትፈልገው ፕሮፌሰር ነው!

ግን ሴትዮዋ አልዘለሉም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተው ነው የመጡት። እና ማን ላይ ልናደድ? ሚኒስቴሩ ላይ? ሚኒስቴሩ ወረዳን አያዝም፤ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትን በጀት የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ተጠሪነቱ ለክልሉ መንግሥት። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ያለው ትምህርት ሚኒስቴር ስር ነው። ሁሉም ሳይዋሽ "እኔን አይመለከተኝም" ማለት ይችላል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ሳይዋሽ! አይ፣ ሥልጣን ለምን ወረዳ ወረደ እያልኩ አይደለም። ሁሉ ነገር አዲስ አበባ ሲወሰን የነበረውን እናቴን ጠይቋት፤ ሁለት ሰዓት ትወስድባችኋለች።

ብላቴ ደግሞ በፊት በሁለት ዞን መሀል ነበር የሚፈሰው። በ2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፣ በ2015 የቀረው ደቡብ ተከፋፈለ፣ አሁን በሁለት ክልል መሀል ይፈሳል። ይሄን ያነሳሁት ውሉ የጠፋው በዚህ ነው ለማለት አይደለም። ወይስ ነው? ቆይ፣ ይሄን ክር አልመዝም፣ ኮሜንት ላይ ትጣሉብኛላችሁ።

እትዬ ደህና ናት፣ ለጠየቃችሁ። ስኳሯ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ፌስታሏ ውስጥ ግን ሚሪንዳ አግኝቻለሁ።

ልጁም ቢሆን ምን ያድርግ? ሆስፒታል መድኃኒት የሚገዛው ከሚሰበስበው ገንዘብም ጭምር ነው፤ ውል ለሌለው ወረዳ ሂሳብ ቢልክ ማን ይከፍለዋል? ብቻ... ስልክ አንስቶ የሚደውልለት ሰው ቢኖር። ለማን ግን? ለወረዳው? ቅዳሜ ቢሆንስ? ደወለ እንበል፤ ወረዳውም "እሺ፣ አክሙልን" አለ እንበል፤ ከዚያ ያ እሺታ በየትኛው ወረቀት...