ትርፉ ቮልት የት ይሄዳል? ተስተካካይ የዲሲ ፓወር ሰፕላይ በቤት ውስጥ

[ምስል፡ መዳፍ ላይ የተቀመጠች ባለ ሦስት እግር አይሲ]

ይህቺን ትንሽ ነገር ተመልከቷት። ኤልኤም 317 የምትባል፣ ቮልት የምታስተካክል አይሲ (ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች በአንድ ላይ የታሸጉባት ዕቃ) ናት። ዛሬ የምንሠራው ፓወር ሰፕላይ በሙሉ እሷ ላይ የቆመ ነው። አንድ ቁልፍ ስናዞር ከ1.25 ቮልት ተነስቶ እስከ 19 ቮልት ገደማ ይሰጠናል።

ከግድግዳው እንጀምር። የሶኬት ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ወደ ትራንስፎርመሩ በሚገባው መስመር ላይ ፊውዝ አስገቡ፣ ሳጥኑ ብረት ከሆነ ኤርዝ (የመሬት ሽቦ) እሰሩለት፣ ክፍት ሆኖ የሚታይ ሽቦ አይኑር። ይህን ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ትራንስፎርመሩን ተዉትና ባለ 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ተጠቀሙ። ዲሲው (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣላችሁ። ከላይ ጥቂት ቮልት ይቀርባችኋል እንጂ ሌላው ሥራ ያው ነው። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

[ምስል፡ ትራንስፎርመር፣ አራት ዳዮዶች፣ ትልቅ ካፓሲተር]

በትራንስፎርመር ለምትሠሩ፣ 18 ቮልት የሚያወጣ ይበቃል። ኤሲውን (አቅጣጫው የሚቀያየረውን የሶኬት ኤሌክትሪክ) ወደ ዲሲ ከሚቀይሩት አራት ዳዮዶችና ቮልቱን ከሚያለሰልሰው ካፓሲተር በኋላ ስትለኩ ግን 24 ቮልት ገደማ ታገኛላችሁ። አትደንግጡ። የኤሲው ጫፍ (ቮልቱ የሚደርስበት ከፍተኛው ነጥብ) 18 ሲባዛ በ1.41 ነው፤ 25 ተኩል ገደማ ይሆናል። ከዚያ ላይ ዳዮዶቹ 1.4 ገደማ ይወስዳሉ። ምንም ሳይጫንበት ደግሞ ከዚህም ከፍ ሊል ስለሚችል ካፓሲተሩ የ50 ቮልት ይሁን። መጠኑ 4700 ማይክሮፋራድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ 1 አምፔር ስንስብ ቮልቱ በ2 ገደማ ብቻ ይዋዥቃል።

[ምስል፡ የኤልኤም 317 ሽቦ አያያዝ]

አይሲዋ የምታውቀው አንድ ሥራ ነው። በመውጫ እግሯና በማስተካከያ እግሯ መካከል ሁልጊዜ 1.25 ቮልት እንዲኖር ታደርጋለች። በእነዚህ ሁለት እግሮች መካከል 120 ኦህም ሬዚስተር አድርጉ። ከማስተካከያው እግር ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ ባለ 2 ኪሎኦህም ፖቴንሽሜትር፤ የምናዞረው ቁልፍ እሱ ነው። ብዙ ንድፎች ላይ 240 ኦህም ታያላችሁ። እኔ ግን 120 እመርጣለሁ። አይሲዋ ቮልቱን አጥብቃ ለመያዝ እስከ 10 ሚሊአምፔር ሊያስፈልጋት ይችላል፤ 120 ኦህም ይህን ራሱ ይስብላታል። አለበለዚያ ምንም ሳይገናኝ ቮልቱ ከልኩ ሊወጣ ይችላል። መውጫው ላይ ካፓሲተር ካደረጋችሁ ከመውጫ ወደ መግቢያ የሚመልስ አንድ ዳዮድም ጨምሩ።

[ምስል፡ ሂት ሲንክ]

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። 24ቱ ሲጫንበት እየዋዠቀ በአማካይ 23 ቮልት ገብቶ 5 ቮልት ከወጣ፣ 18 ቮልቱ የት ሄደ? ሙቀት ሆነ። 1 አምፔር እየሳባችሁ ከሆነ ያ 18 ዋት ነው፤ ከትንሽ የመበየጃ ካውያ ብዙም አይርቅም። ልብ በሉ፣ አይሲዋ በጣም የምትግለው ቮልቱን ከፍ ስታደርጉ ሳይሆን ዝቅ ስታደርጉ ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት በ3 ቮልት ላይ እየበራ እየጠፋ ሲያስቸግረኝ አንድ ምሽት ሙሉ የተበላሸ ብየዳ ስፈልግ አምሽቻለሁ። ብየዳው ደህና ነበር። አይሲዋ በጣም ስትግል ራሷን ለማዳን ሥራ ታቆማለች፣ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች።

ስለዚህ ሂት ሲንኩ (ሙቀቱን ከአይሲዋ ወስዶ ወደ አየር የሚበትነው ብረት) ላይ አትሰስቱ። ትልቅ ይሁን፣ ከተቻለ ፋን ይኑረው። አብዛኛው ሥራችሁ በ5 ቮልት ከሆነ ደግሞ ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ብትመርጡ ሙቀቱ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ የአይሲዋ የብረት ጀርባ ከመውጫው እግር ጋር የተገናኘ ነው። በማይካ ወይም በሲሊኮን ንጣፍ ሳትለዩ ኤርዝ ካለው ሳጥን ጋር ካሰራችሁት ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

[ምስል፡ መልቲሜትር]

ለሙከራ ቁልፉን ወደ መጨረሻው ዝቅታ አዙሩ። መልቲሜትሩ 1.25 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ 5 ቮልት ላይ አድርጉና ባለ 10 ኦህም፣ ባለ 10 ዋት ሬዚስተር አገናኙ። ግማሽ አምፔር ይስባል። ሂት ሲንኩን በእጃችሁ ሳትነኩ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ ከ5 ካልተነቃነቀ ሳጥኑን ክደኑት።