ያልደረቀ ባሕር ዛፍ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ከኋላ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ክረምት ላይ ቡራዩ ተቀምጦ ቆርቆሮ ሥር ፖድካስት መቅዳት እንዲህ ነው፣ ታገሱኝ።

ስለ እንጨት ሥራ ላወራችሁ ነው። "ከየት ልጀምር?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እኔም ገና ጀማሪ ነኝ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ቀን ቀን ሂሳብ ነው የምሠራው፤ ማታ ማታና እሁድ ግቢ ውስጥ እንጨት እልጋለሁ። ለመሸጥ አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ሰፈር ውስጥ ለማስረዳት የተቸገርኩት ይሄንኑ ነው። እማማ የምላቸው ጎረቤቴ መጋዝ ይዤ ላብ በላብ ሆኜ አይተውኝ፣ "ልጄ፣ ምን ቸገረሽ? ሰው ቀጥረሽ አታሠሪም?" አሉኝ። ከልባቸው አዝነው ነው። እኛ ጋ በእጁ የሚሠራ ሰው ሌላ አማራጭ ያጣ ነው የሚመስለው። እጀ ጥበበኛን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ነን፣ ምን ይደረግ። ወንበሩ ላይ ተንደላቆ ተቀምጦ ወንበሩን የሠራውን የሚንቅ ስንቱ ነው! እሱን ሌላ ቀን አወራዋለሁ፣ አሁን ከጀመርኩት አላቆምም።

የዛሬው ወሬዬ ሌላ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርት አሪፍ ነው፣ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። ግን እኛ ከምንጀምርበት ቦታ አይጀምርም። ሰውዬው ኦክ ወይም ዋልነት የሚባል ጣውላ ያወጣል፤ በማድረቂያ የደረቀ፣ ቀጥ ያለ፣ አራቱም ጎኑ በማሽን የተስተካከለ። ከዚያ "በሉ እንቁረጥ" ይላል። እኛስ? አሸዋ ሜዳ መንገድ ዳር የምንገዛው የባሕር ዛፍ ጣውላ ምናልባት ባለፈው ወር ቆሞ የነበረ ዛፍ ነው። ስታነሱት ይከብዳል፣ መዳፋችሁን ያረጥባል። ዛሬ ለክታችሁ ብትቆርጡት፣ ከወር በኋላ ጠረጴዛችሁ አንድ እግሩን አንስቶ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የእኛ የመጀመሪያ ትምህርት መቁረጥ አይደለም። እንጨቱን ማወቅና ማድረቅ ነው።

ባሕር ዛፍን ሰው ሲያማው አልወድም። ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል ይባላል፣ ይሁን። ግን ለዚህች ከተማ ውለታ አለው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተመንጥሮ ማገዶ ሲጠፋ፣ ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። በዚሁ በእኛ መንገድ፣ ወደ አምቦ ሲኬድ ያለችውን አዲስ ዓለም ማለቴ ነው። በ1880ዎቹ የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አደገ፣ ከተማዋም እዚሁ ቀረች።

ጣጣው ያለው እዚያው ቶሎ ማደጉ ላይ ነው። ግንዱ ቆሞ ሳለ ውጪው ይወጠራል፣ ውስጡ ይጨመቃል። መጋዝ ሲገባበት ያ ውጥረት ይለቀቅና ጣውላው ገና ከመሰንጠቂያው ሳይወጣ ይጎብጣል። ጅማቱም ብዙ ጊዜ ግንዱን እየዞረ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ሲደርቅ ይጠመዘዛል። ደግሞ ማንኛውም እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ይህን ያህል አይቀንስም፣ በወርዱ ነው የሚኮማተረው። የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚቀንሰው ከመሃል ወደ ውጪ ከሚቀንሰው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ጣውላ ደርቆ ጎድጓዳ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሰፈራችን አናጢ ይሄን ሁሉ አያወሩም። ጋሼ ነው የምላቸው። ጣውላውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ ያደርጉታል። እርጥብ ከሆነ ድምፁ ድፍን ነው፣ የደረቀው ይጮኻል። "ይሄ ገና ነው ልጄ፣ አስቀምጪው" ይሉኛል። በቃ፣ ይሄው ነው።

አቀማመጡም ወግ አለው። ብሎኬት ላይ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ትደረድራላችሁ፣ በየጣውላው መሃል ቀጫጭን እንጨት ታስገባላችሁ፣ አየር እንዲያልፍ። ቀጫጭኖቹ አንዱ በሌላው ትክክል ይሁኑ፣ አለበለዚያ ጣውላው በመሃላቸው ይጎብጣል። ላዩ ላይ ክብደት ጫኑበት። ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት ይሰነጠቃል። ጫፍና ጫፉን የተረፈ ቀለም ቀቡት፤ ውሃው በጫፍ በኩል ከጎኑ በጣም ፈጥኖ ይወጣል፣ ስንጥቁ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይባላል በግምት። ዓመት ሲባል አትደንግጡ። ቁራጭ ወስዳችሁ ሱቅ ሚዛን ላይ በየሳምንቱ መዝኑት፣ መቅለሉን ሲያቆም አየር የሚችለውን ያህል ደርቋል ማለት ነው። የእኔ ባለሱቅ መጀመሪያ ሲስቅብኝ ነበር። አሁን ቁራጩን ይዤ ስገባ "ዛሬስ ስንት ቀነሰ?" ይለኛል።

እስኪደርቅ ድረስ ምን ይሠራል? የመሣሪያ ስለት ማውጣት። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱና አሮጌ መሮና አሮጌ መላጊያ ፈልጉ። ዝገቱ አያስፈራችሁ፣ ብረቱ ጥሩ ከሆነ ይወለወላል። ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ትለጥፋላችሁ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ነው የምትሄዱት። መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ ፍጹም ጠፍጣፋ አድርጉት። ቀጥሎ የተዳፋውን ጎን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አጋድማችሁ ትስላላችሁ፣ አውራ ጣታችሁን ከጀርባው በኩል ስታሳልፉ ቀጭን ክር የመሰለ ሻካራ እስኪሰማችሁ። ያ ከመጣ ጫፉ ደርሷል። ገልብጣችሁ ክሩን ታነሳላችሁ። ክንዳችሁ ላይ ፀጉር ከላጨ ያ መሮ ነው። ካልላጨ ካቻቢቴ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኔ ይሄን ክፍል ከምንም በላይ ነው የምወደው። መብራት ጠፍቶም ይሠራል፣ ቡራዩ ላይ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ አንዲት የደረቀች የጽድ ቁራጭ ፈልጉ። ጎኗን ስታዩ መስመሮቹ ወደ አንዱ ጫፍ ከፍ ይላሉ፤ ወደሚወጡበት አቅጣጫ ግፉ። በተቃራኒው ከገፋችሁ መላጊያው ጅማቱን እየነቀለ ያቆስላታል። በትክክሉ ሲሄድ ግን ፍቅፋቂው እንደ ሪባን ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ከስሱነቱ በውስጡ ያሳያል እኮ፣ ግቢውም በጽዱ ሽታ ይታወዳል።

የመጀመሪያ ሥራችሁ በርጩማ ይሁን። ባለ ሦስት እግር። አራት እግር ያለው ነገር ወለሉ ትንሽ ካበጠ ይነቃነቃል፣ ሦስት እግር የትም ብታስቀምጡት ይቆማል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፣ ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ። ያ የባለሙያ ነው። የእኛ መቀመጫው ለብቻ፣ እግሮቹ ለብቻ ይሁኑ።

እዚህ ጋ ነው ያ የረገምነው እርጥበት የሚያግዘን። እግሮቹን በደንብ አድርቋቸው። መቀመጫው ግን ትንሽ እርጥበት ይኑረው። ክብ ቀዳዳ በትራፓኖ ትበሳላችሁ፣ እግሩን ጥብቅ አድርጋችሁ ትመታላችሁ። መቀመጫው ቀስ በቀስ ሲደርቅ ይኮማተርና እግሩን ግጥም አድርጎ ይይዛል። ከላይ ሽብልቅ የምትመቱ ከሆነ የመቀመጫውን ጅማት አቋርጦ ይግባ እንጂ ጅማቱን ተከትሎ አይግባ፣ ለሁለት ይከፍለዋል። ጋሼ እንዲህ የተሠራ፣ ቁመቱ ያነሰ በርጩማ አላቸው፣ የሰው ቂጥ ያጠቆረው። እግሮቹን ይዤ ላነቃንቃቸው ታገልኩ፣ ወይ ፍንክች።

መጨረሻ ላይ የእንጨት ምንጭ ለጠየቃችሁኝ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር፣ ተገቢም ነው። ስለዚህ አዲስ ዋንዛ አታሳድዱ። የፈረሰ ቤት እንጨት ፈልጉ። የድሮ ጭቃ ቤት ምሰሶ ብዙ ጊዜ ጽድ ነው፣ ምስጥም አይደፍረው፤ የድሮ በርና ወለልም አለ። አርባ ሃምሳ ዓመት የደረቀ እንጨት ነው፣ ሚዛንም አያስፈልገው። ብቻ ከመቁረጣችሁ በፊት ማግኔት አሳልፉበት። ውስጡ የተሰበረ ሚስማር አይጠፋም፣ መጋዝ ደግሞ ተወዷል።

በሉ፣ ስልኬ ባትሪ ሊዘጋ ነው። ሳምንት ስለ ኮላ እናወራለን፣ ቻው።