ወሬው የሚመጣው መንገድ ላይ ነው

መምህርት፦ ጤና ይስጥልን፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደሴ ነን። እኔ ኮምቦልቻ አስተምራለሁ፤ ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አብሮኝ ያለው ወንድሜ ደግሞ እዚህ ደሴ የወጣቶች ክፍልን የሚያገለግል ዲያቆን ነው። ዛሬ ስለ ስብከት አናወራም። የወጣቶች አገልጋይ ከቅዳሴውና ከጉባኤው ውጭ እንዴት ይኖራል? ምን ያስደስተዋል? ሲደክመው የት ይሄዳል? እሱን ነው የምናወራው።

ዲያቆን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰው አገልጋይን የሚያየው ነጠላ ለብሶ፣ ማይክ ይዞ ነው። ሰኞ ጠዋት ግን እንደ ማንም ሰው ባጃጅ ጠብቆ ሥራ ይገባል። አብዛኞቻችን በነጻ ነው የምናገለግለው፤ እንጀራችን ሌላ ቦታ ነው። ማታ ማታ የመዝሙር ጥናት አለ። ቅዳሜና እሑድማ የእኛ አይደለም።

መምህርት፦ በዚህ ሁሉ መሀል ተራራ ትወጣለህ!

ዲያቆን፦ ጦሳን ነዋ! ደሴ ተወልዶ ጦሳን ቀና ብሎ ሳያይ የዋለ ሰው አለ? ከተማዋ ራሷ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጦሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው፤ ትንፋሽ ይፈትናል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጀምረሽ ብትወጪ፣ ላይ ስትደርሺ ጉሙ ገና ከታች ነው። ጉሙ ሲነሳ የመስጊዱ ሚናራና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ጎን ለጎን ብቅ ይላሉ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ውዳሴ ማርያም ስደግም የሳምንቱ ድካም ይወጣልኛል።

መምህርት፦ አንዳንድ እናቶች ግን “ዲያቆን ሆኖ ገደል ለገደል ምን ያዞረዋል” ይላሉ። ሰምቻለሁ።

ዲያቆን፦ እኔም ሰምቻለሁ። ለእኔ ማሰባቸው ነው፤ አልከፋባቸውም። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ጥሩ ጥሩ አገልጋዮች በወጣትነታቸው ሲያልቁ አይቻለሁ። ጉባኤ፣ ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ የሰው ችግር፤ በቃ ሌላ ነገር የላቸውም። የራሱ ደስታ የሌለው ሰው ልጆቹን ምን ብሎ ያጽናናል? ቀስ በቀስ ቁጡ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ይጠፋል።

መምህርት፦ እውነት ነው። እና ልጆቹ ተራራውን እንዴት ተቀላቀሉ?

ዲያቆን፦ እኔ ብቻዬን ነበር የምወጣው። ሁለት ልጆች ልምጣ አሉኝ፤ አመጣኋቸው። ከዚያ ሌሎችም መጡ። የሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ልጆችም መጡ፤ አብረው ነው ኳስ የሚጫወቱት፣ ለምን ይቀራሉ? ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ክፍል ውስጥ “የሚያስጨንቃችሁ ነገር አለ?” ብለሽ ብትጠይቂ ማንም ትንፍሽ አይልም። ዳገት ላይ ግን ሳትጠይቂው ያወራል።

መምህርት፦ ለምን ይመስልሃል?

ዲያቆን፦ ፊት ለፊት አትተያዩማ። ሁለታችሁም መንገዱን ነው የምታዩት። ያፈረበትን ነገር ሲናገር ዓይንሽን ማየት የለበትም። ዝም ቢልም አያስነውርም፤ እየተራመደ ነዋ። ደግሞ ተራራ ላይ እሱ ከእኔ ይፈጥናል። “ና ድረስብኝ” ይለኛል። ክፍል ውስጥ መምህሩ እኔ ነኝ፤ እዚያ ግን እሱ ይመራኛል።

መምህርት፦ እስቲ አንድ ምሳሌ ንገረን፤ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

ዲያቆን፦ አንድ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ዘማሪ። እየወጣን ሳለ “ልሄድ ነው” አለኝ። የት? ሳዑዲ። በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር ወደ የመን። ይሄ መንገድ ወሎ ውስጥ በየሰፈሩ ይታወቃል። ስንቱ ሄዶበታል፤ ስንቱም ቀርቶበታል። ስብከት አልጀመርኩም። ማን ነገረህ አልኩት። ገንዘቡን ከየት ልታመጣ ነው? እናትህ ታውቃለች? ለእናቱ አልነገረም ነበር። ላይ እስክንደርስ ስለ እናቱ ብቻ አወራን። ሲወርድ “ማታ እነግራታለሁ” አለ።

መምህርት፦ ሄደ?

ዲያቆን፦ እሱ ቀረ። አሁን እንጨት ሥራ ላይ ነው። ጓደኛው ግን ሄዷል። ሁሉንም አስቀርቻለሁ አልልሽም። ቢያንስ ግን ማንም ለማንም ሳይናገር በሌሊት እንዳይወጣ እፈልጋለሁ።

መምህርት፦ እኔ አንድ ነገር ልሞግትህ። ይሄ የተራራ ነገር የወንዶቹ ነው። ሴቶቹስ? ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የደሴ ልጅ ምን ላይ ናት? ልብስ አጠባ ላይ፣ ሊጥ ላይ፣ ገበያ ላይ። ጎህ ሲቀድ ተራራ ልውጣ ብትል እናቷ ትሰማታለች?

ዲያቆን፦ አትሰማትም። ልክ ነሽ።

መምህርት፦ ስለዚህ እኛ በሌላ በኩል ገባን። ጥልፍ! እኔ ከልጅነቴ ጥልፍ እወዳለሁ። የመዝሙር ልብሳችን መስቀሉ እየተፈታ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ክርና መርፌ ይዘን ተሰበሰብን። ቡናው እዚያው ይፈላል። አቦል ላይ ስለ ክሩ ቀለም ነው የሚወራው። ቶና ላይ ስለ ትምህርት ቤት። በረካ ሲደርስ ግን እውነተኛው ወሬ ይመጣል። አንቺን የሚያስቸግርሽ አስተማሪ አለ? ያለ ፈቃድሽ ሊድሩሽ ነው? ሁሉም አንገቱን አቀርቅሮ እየጠለፈ ነው የሚያወራው። አንተ ዳገት ላይ ያገኘኸው ነገር እኛ መርፌው ላይ አገኘነው።

ዲያቆን፦ እኔ ይሄን ከሰማሁ በኋላ ነው በገናውን ወደ ክፍሉ ያመጣሁት።

መምህርት፦ እሱን ንገራቸው፤ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ዲያቆን፦ በገና ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። 10 አውታር አለው፤ አባቶች ከዐሠርቱ ትእዛዛት ጋር ያያይዙታል። አውታሩ ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው። የሚገርመው ደግሞ ሁሉም አይመታም። የሚመቱት 5 ወይም 6 ናቸው፤ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ናቸው። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ከእንዚራው ነው። እንዚራ ከአውታሩ ሥር የምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። እሷን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዱን ስታስተካክይ ሌላው ይበላሻል።

መምህርት፦ ወጣት ይሄን ታግሦ ይማራል?

ዲያቆን፦ በዐቢይ ጾም ይማራል። የጾሙ መንፈስ ራሱ ያግዛል። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይበልጥ! ስልኩ ቻርጅ የለው፣ ኢንተርኔት የለ። በገናው ብቻ ይሰማል። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ከተማው ያን ሁሉ አይቶ ልጆቹ በር ሲንኳኳ ይደነግጡ ነበር። ያኔ ብዙ ማስተማር አልቻልኩም። ምን ትያቸዋለሽ? በገና እደረድር ነበር፤ እነሱ ዙሪያዬን ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንድ ልጅ ለብዙ ጊዜ አንድም ቃል አልወጣውም። አንድ ማታ ተነስቶ “ይቺ አውታር ላልታለች” አለኝ። አብረን ቃኘናት።

መምህርት፦ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዲያቆን፦ ከዚያ ወዲህ ቃኚው እሱ ነው።

መምህርት፦ የከበሮ ጥገናውም አለ። ቆዳው ሲቀደድ ሱቅ ትወስዱት ነበር፤ አሁን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚጠግኑት።

ዲያቆን፦ አዎ። ቆዳውን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ እርጥብ እንዳለ መወጠር፣ ጠፍሩን ማጥበቅ። ሲደርቅ ይጮሃል። ከበሮውን ራሱ የጠገነ ልጅ ሲመታው ታይዋለሽ፤ አመታቱ ይለያል።

መምህርት፦ ወደ ሐይቅ እንሂድ። ለጉዞ ቅርብ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከልጆቹ ጋር የት የት ትሄዳላችሁ?

ዲያቆን፦ መጀመሪያ ሐይቅ እስጢፋኖስ። ይሄ ገዳም ለወጣቶች አገልጋይ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚያ ተቀምጠው ወጣቶችን ነው ያስተማሩት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ደግሞ መጽሐፍ ጸሐፊ ነበሩ። ብራናና ቀለም የሚያውቅ እጅ ነው ያስተማረው። ለልጆቹ ይሄን ስነግራቸው ከበሮ ጥገናውን በሌላ ዓይን ያዩታል።

መምህርት፦ ሴቶች ግን ገዳሙ ውስጥ አንገባም፤ የወንዶች ገዳም ነው። እኛ ወንዶቹ እስኪመለሱ ዳር ላይ እንቆያለን። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጆቹ ይከፋቸው ነበር። አሁን የራሳችን ፕሮግራም አለን። መዝሙር እንዘምራለን፤ ጾም ካልሆነ ዓሣ እናስጠብሳለን። የሐይቅ ቆሮሶ ትኩሱን በሚጥሚጣ! ታዲያ ወንዶቹ ሲመለሱ የምንቀናው እኛ ነን ወይስ እነሱ?

ዲያቆን፦ እነሱ ናቸው፤ ራሴ መስካሪ ነኝ። አንድ ሕግ ግን አለን። ማንም ውኃ ውስጥ አይገባም። ሐይቁ ላዩ ጸጥ ብሎ ይታያል፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ ነው። “ዋና እችላለሁ” የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ስለዚህ መቁጠር ነው። ከመኪና ስንወርድ እንቆጥራለን፣ ከገዳሙ ስንወጣ እንቆጥራለን፣ ስንመለስ እንቆጥራለን።

መምህርት፦ ትልቁ ጉዞ ግን ግሸን ነው።

ዲያቆን፦ ግሸንማ የዓመቱ ነው! መስከረም 21። ግሸን ደብረ ከርቤ፣ ግማደ መስቀሉ፣ የጌታችን መስቀል ክፋይ፣ ያረፈባት። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው ወደ አምባዋ የመጣው። አምባዋ ራሷ የመስቀል ቅርጽ አላት። ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ብዛት አይነገርም። ለእኛ ለአዘጋጆቹ ግን ዝግጅቱ ነሐሴ ላይ ይጀምራል። መኪና መከራየት፣ መዝጋቢ፣ ስንቅ፣ መድኃኒት፣ ፌስታል።

መምህርት፦ ፌስታሉን አትርሱ! መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ የሚያስመልሰው ብዙ ነው።

ዲያቆን፦ ስንቁ ቀላል ነው። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ውኃ። አንድ ጊዜ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ መንገዱ አልደረቀም። ሁሉም ወረደ። ወንዶቹ ዝም ብለው ይገፋሉ፤ መኪናው ይብስ ይሰምጣል። በክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት ልጅ ነበረች። “አቁሙ! ድንጋይ አምጡ!” ብላ ጮኸች። ገጠር ነው ያደገችው፤ ታውቃለች። ማን ከየት እንደሚያመጣ፣ የትኛው ጎማ ሥር እንደሚገባ እሷ ነበረች የምታዘው። ወጣን።

መምህርት፦ አሁን የት ናት?

ዲያቆን፦ ማዕከላውያንን፣ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉትን ልጆች፣ ታስተምራለች። ያን ጉዞ ባንሄድ ኖሮ እኔ መቼም አላውቃትም ነበር።

መምህርት፦ እስቲ ሁልጊዜ የምንጠየቀውን አንሳ። አባት “ልጄን ለጉዞ አልለቅም” ካለስ?

ዲያቆን፦ ስልክ አልደውልም፤ ቤቱ እሄዳለሁ። በረካ እስክጠጣ እቀመጣለሁ። ማን ማን እንደሚሄድ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ ሴቶቹ የት እንደሚያድሩ፣ አብራቸው የምታድረው እህት ማን እንደሆነች፣ ስልኳን፣ መቼ እንደምንመለስ ጽፌ እሰጣለሁ። አባት የሚፈራው የማያውቀውን ነው። መብቱም ነው።

መምህርት፦ ያም ሆኖ እንቢ ካለ?

ዲያቆን፦ አልከራከርም። ልጅቷንም “አብሽሪ፣ ሌላ ጊዜ አለ” እላታለሁ። ስንመለስ ግን ጸበሉንና እምነቱን፣ የተባረከውን አፈር ማለቴ ነው፣ ይዤ ያንኑ ቤት እሄዳለሁ። አንድ አባት እንዲህ ሁለት ዓመት ከለከለ። በሦስተኛው “እኔም ልምጣ” አለ።

መምህርት፦ መጣ?

ዲያቆን፦ መጣ። አሁን የጉዞ ኮሚቴው ውስጥ ነው። ከሾፌሮቹ ጋር ዋጋ የሚነጋገረው እሱ ነው። እኔ ስነጋገር ከነበረው በርካሽ ነው የሚያስማማን።

መምህርት፦ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ግቢ ጉባኤ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ፣ እናወራለን፤ ደሴ እና ኮምቦልቻ ካምፓስ ያላችሁ ጥያቄያችሁን በድምፅ ላኩልን። ደህና ሰንብቱ።